ከጉሮሮ ወደ ኩላሊት

ወዳጆቼ፣ የታሪክ መምህር ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብቻ የሚያወራ ይመስላችኋል። ዛሬ ግን የሽንት ታሪክ ልጻፍላችሁ፤ አትሳቁ።

እ.ኤ.አ. በ1812 ዊልያም ዌልስ የተባለ የለንደን ሐኪም አንድ ነገር ጻፈ። ጉሮሮ የሚያሳብጥና ቆዳ የሚያቀላ ትኩሳት ይዟቸው የነበሩ ልጆች ድነዋል ከተባለ በኋላ፣ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ፊታቸው ያብጣል፤ ሽንታቸው ደም ይቀላቅላል። በ1827 ደግሞ ሪቻርድ ብራይት እብጠቱን ከታመመ ኩላሊት ጋር አያያዘው። መሣሪያው ምን መሰላችሁ? ማንኪያና ሻማ! ሽንቱን ሲያሞቀው እንደ እንቁላል ነጭ ከረጋ ኩላሊቱ ፕሮቲን እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ያኔ የዚህ በሽታ መንስኤ ባክቴሪያ መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም።

ዛሬ መንስኤው ስትሬፕቶኮከስ እንደሆነ ይታወቃል። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የሚፈጠረው ነገር የኩላሊትን ማጣሪያ ይደፍነዋል። ሽንቱ ኮካ ይመስላል። አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ። እኔን የሚያናድደኝ በአገራችን የቆየው እንጥል የማስቆረጥ ልማድ ነው። እንጥል ቢቆረጥ ባክቴሪያው አይሞትም፤ ሕፃኑ ግን ደሙ ይፈሳል፣ ሌላ ኢንፌክሽንም ይጨመርበታል።

ከዚህ የሚከፋው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ነው። ጃፓናዊው ኪዮሺ ሺጋ ባክቴሪያውን በ1897 አገኘው። በ1955 የስዊዘርላንዱ ኮንራድ ጋሰር ደማቸው ያነሰ፣ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሕፃናትን ታሪክ አሳተመ። የሺጋ ባክቴሪያ መርዝ የኩላሊትን ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደሚያበላሽ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስም አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋል፤ ክትባቱ በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል።

የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን የተደረገው በ2008 ዓ.ም. መስከረም፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ከጭሮ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሽንቱ የቆመ የሁለት ዓመት ሕፃን ይሄን ሁሉ መንገድ ላይችለው ይችላል። ስለዚህ እዚሁ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ "ተቅማጡ ቆሟል" ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። መጨረሻ የሸናው መቼ ነው? ቀለሙስ? ፊቱ አብጧል? ይሄንን ተናገሩ።

በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ ነርስና ጤና ኤክስቴንሽን የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የጎደለውን በኮሜንት ሙሉልኝ።