የፎምና የሸራ ተጎታች የዝናብ ስርገትና ጥገናው

የፎምና የሸራ ተጎታች በመኪና የሚጎተት ትንሽ የመኝታ ክፍል ነው። ግድግዳውና ጣሪያው ከፖሊስታይሪን ፎም ሰሌዳ ይሠራል፤ ውጩ ደግሞ በእንጨት ኮላ በተለጠፈ የጥጥ ሸራና በቀለም ይሸፈናል። በብዛት የሚገኘው በሰሜን አሜሪካ ሲሆን የሚሠሩትም ፋብሪካዎች ሳይሆኑ ለሽርሽርና ለካምፕ የሚወጡ ሰዎች በየግቢያቸው ናቸው። በእንግሊዝኛ «ፎሚ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ክብደቱ አነስተኛ በመሆኑ ትንሽ የቤት መኪና ይጎትተዋል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ ሌሊት ሙቀት ይይዛል። ትልቁ ችግሩ ዝናብ ነው። ሽፋኑ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ውኃው በሸራው ሥር ተደብቆ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ባለቤቱ የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ ወለሉ መበስበስ ከጀመረ በኋላ ነው።

አሠራሩ

የዚህ ተጎታች ቅርጽ የመጣው በአሜሪካ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከታወቀው «የእንባ ጠብታ» ተጎታች ነው። ፊቱ ክብ፣ ኋላው ወደ ታች የሚወርድ፣ ውስጡ ለሁለት ሰው መኝታ ብቻ የሚበቃ ነው። የድሮዎቹ ከኮምፔንሳቶና ከአሉሚኒየም ላሜራ ይሠሩ ነበር። ፎሚው ኮምፔንሳቶውን በፎም፣ ላሜራውን በሸራ ተካው። ሸራን በእንጨት ላይ ለጥፎ ቀለም በመቀባት ውኃ መከላከል ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ የእንጨት ጀልባዎችና ታንኳዎች ከዚያ በፊትም በዚህ መንገድ ይሸፈኑ ነበር። ዘዴው በእንግሊዝኛ «የድሃ ፋይበርግላስ» ይባላል።

ለግድግዳው የሚመረጠው ፎም ለቤት ሙቀት መከላከያ የሚሸጠው ጠንካራ ሰሌዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ሰማያዊ ወይም ሮዝ፣ ርዝመቱ 2.44 ሜትር፣ ስፋቱ 1.22 ሜትር፣ ውፍረቱም ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ፎም ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ፎም ይለያል። ነጩ የተጣበቁ ፍሬዎች ስብስብ በመሆኑ ውኃ በፍሬዎቹ መካከል ሊሰርግ ይችላል። ሰማያዊውና ሮዙ ግን ተቀልጦ እየተገፋ የሚወጣ አንድ ወጥ አካል ስለሆነ፣ የአየር ክፍሎቹም የተዘጉ ስለሆኑ የሚመጠው ውኃ እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ፎሚ ሲያፈስ ጥፋቱ የፎሙ አይደለም፤ ውኃው የሚገባው በመጋጠሚያ፣ በቀዳዳና በጨርቁ በኩል ነው።

ኮላው ለምን የእንጨት ኮላ ሆነ የሚለው ጥያቄ ለጥገናውም አስፈላጊ ነው። ፖሊስታይሪን በአሴቶን፣ በቤንዚንና በብዙ የቀለም ማቅጠኛዎች ይሟሟል። ለጀልባ የሚውለው የተለመደው ፖሊስተር ሬንጅም ፎሙን ይበላዋል። ኢፖክሲ አይጎዳውም፣ ግን ውድ ነው። በውኃ የሚቀጥነው የእንጨት ኮላ ፎሙን አይነካም፣ ርካሽ ነው፣ በሩሎ ይቀባል። በብዛት የሚጠቀሙት ታይትቦንድ 2 የተባለውን ሲሆን፣ እሱም ከደረቀ በኋላ ዝናብን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ዘወትር ውኃ ውስጥ ለሚቆይ ነገር የተሠራ አይደለም። ቀለሙ ሲሰነጠቅና ሸራው ለሳምንታት ርሶ ሲቆይ ኮላው እየለሰለሰ የሚለቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ውኃው በየት ይገባል

ከሁሉ በፊት የሚጠረጠሩት የመስኮት፣ የበርና የጣሪያ አየር ማስወጫ ዙሪያዎች ናቸው። የፎም ግድግዳ ቪቴ አይዝም፤ ስለዚህ ጥሩ ሠሪ መስኮቱ በሚታሰርበት ቦታ ፎሙን ቆርጦ እንጨት ይቀብራል። ይህ ካልተደረገ ተጎታቹ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ቪቴው ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ማሸጊያውም ይለቃል።

ሁለተኛው በር የጨርቁ ጫፍ ነው። የጥጥ ሸራ እንደ ፋኖስ ክር ውኃን ወደ ውስጥ ይስባል። በበር አካባቢ ወይም በወለሉ ጠርዝ ላይ ጫፉ ቀለም ሳይጠጣ ከቀረ ውኃው በቀለሙና በፎሙ መካከል ብዙ ርቀት ይጓዛል። ውስጥ የታየው እርጥበት ከገባበት ቦታ አንድ ሜትር ርቆ ቢገኝ አይገርምም።

ሦስተኛው መስፋፋትና መኮማተር ነው፤ ይህን ብዙ ሠሪዎች አቅልለው ያዩታል። ፖሊስታይሪን ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሲየስ በጨመረ ቁጥር በእያንዳንዱ ሜትር ወደ 0.07 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አንድ ሙሉ ሰሌዳ በ30 ዲግሪ ልዩነት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። በላዩ የታሰረው የአሉሚኒየም ጠርዝ ግን በዚያው ርዝመትና ልዩነት የሚለወጠው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ሁለቱ በየቀኑ ይጓተታሉ፤ በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ ደርቆ የሚጠነክር ዓይነት ከሆነ ይሰነጠቃል። ጥቁርና ደማቅ ቀለም ፀሐይን ስለሚስብ ችግሩን ያብሰዋል። ፎሙ ከ75 ዲግሪ ገደማ በላይ ቅርጹን መጠበቅ ስለማይችል ጣሪያውን ነጭ መቀባት ለውበት ብቻ አይደለም።

የጎማው አካባቢም አለ። ቆሞ ሲዘንብበት ፈጽሞ የማያፈስ ተጎታች በእርጥብ አስፋልት ሲነዳ ሊያፈስ ይችላል፤ ጎማው ውኃውን ከታች ወደ ላይ ይረጫል፣ ነፋሱም ከፊት ወደ መጋጠሚያው ይገፋዋል።

ስርገት ነው ወይስ ትነት

ጠዋት ፍራሹ ረጥቦ መገኘቱ ብቻውን ተጎታቹ አፈሰሰ አያሰኝም። በጠባቡ ክፍል ሁለት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ የሚያወጣው ውኃ ከአንድ ብርጭቆ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ትነት ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ወደ ጠብታ ይለወጣል። የፎም ግድግዳው ራሱ ቅዝቃዜን ስለማያሳልፍ ብዙም አያልበውም። የሚያልባቸው የመስኮት ብረት፣ መስተዋትና ከውጭ ወደ ውስጥ ያለፉ ብሎኖች ናቸው። ጠብታው በእነዚህ ላይ ስለሚታይ «መስኮቱ ያፈሳል» ብሎ መሳሳት ቀላል ነው።

መለያው ጊዜው ነው። ዝናብ ባልዘነበበት ቀዝቃዛ ሌሊት ጠብታ ከታየ ትነት ነው፤ መድኃኒቱም አየር ማስገባት እንጂ ማሸጊያ አይደለም። ከፍራሹ ሥር የሚጠራቀመው እርጥበትም ብዙ ጊዜ ከሰው ሰውነት የወረደ ነው፤ አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ከሥሩ ማድረግ ይቀንሰዋል። ሰው ሳይተኛበት ከዘነበ በኋላ የረጠበ ተጎታች ግን በእርግጥ ያፈሳል።

ቦታውን መፈለግ

ፍለጋው ትዕግሥት ይጠይቃል። የተለመደው ዘዴ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ሲገባ ሌላው ከውጭ በጎማ ቱቦ ቀስ ብሎ ውኃ ማፍሰስ ነው። ዋናው ሕግ ከታች ወደ ላይ መሄድ ነው። ከጣሪያው ከተጀመረ ውኃው ወደ ታች እየወረደ ሁሉንም መጋጠሚያ በአንድ ጊዜ ስለሚያረጥብ የትኛው እንዳስገባ መለየት አይቻልም። በመጀመሪያ የወለሉ ጠርዝ፣ ቀጥሎ የበሩ ግርጌ፣ የመስኮቱ ታች፣ ጎንና አናት፣ በመጨረሻም ጣሪያው ይሞከራል። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል መቆየት ያስፈልጋል፤ ስርገት ችኩል አይደለም። በመኪና ማጠቢያ የግፊት ውኃ መሞከር አይመከርም፤ ዝናብ በማይገባበት ሁሉ ያስገባልና የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፣ ቀለሙንም ይልጣል።

ሌላው ዘዴ በተቃራኒው ይሠራል። በሩና መስኮቶቹ ተዘግተው በአንድ ክፍተት ቬንትሌተር ወደ ውስጥ አየር ይነፋል፤ ከውጭ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ይቀባል። የሚያፈስበት ቦታ አረፋ ያወጣል። የጎማ ሠራተኛ የተበሳ ከመነዳሪ የሚፈልግበት ብልሃት ነው። ይህ ሙከራ የአየር መውጫውን እንጂ የውኃውን መንገድ ስለማያሳይ አረፋ የታየበት ሁሉ ዝናብ ያስገባል ማለት አይደለም፤ የቱቦው ሙከራ ያረጋግጠዋል።

ጥገናው

ከማሸግ በፊት ማድረቅ ይቀድማል። ርሶ ባለ ሸራ ላይ ማሸጊያ መጨመር ውኃውን ውስጥ መቆለፍ ነው። በጣት ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ወይም እንደ ፊኛ ያበጠ ሸራ ከፎሙ የለቀቀ ነው፤ ተቆርጦ ይነሣል፣ ሥሩ በነፋስና በጥላ ለበርካታ ቀናት ይደርቃል። የሙቅ አየር ማድረቂያ በቅርብ መያዝ ፎሙን ያቀልጠዋል።

የደረቀው ፎም በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፤ ለስላሳ የፋብሪካ ገጽ ኮላ አይዝምና። በዙሪያው ያለው ቀለምም ጨርቁ እስኪታይ ይፋቃል። መጣፊያው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚበልጥ፣ ማዕዘኖቹም የተከረከሙ ቢሆን ይመረጣል፤ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይነሣል። አዲስ ሸራ ሲረጥብ ስለሚኮማተር ቀድሞ ታጥቦ ይደርቃል። ኮላ ከሥር ይቀባል፣ ሸራው ተዘርግቶ አየሩ በእጅ ይወጣል፣ ከላይም እስኪርስ ድረስ ኮላ ይጨመራል። አየሩ ከ13 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ታይትቦንድ 2 በትክክል አይያያዝም፤ ስለዚህ በብርድ ወቅት የተደረገ ጥገና ብዙ ጊዜ ይደገማል። ኮላው በደንብ ከደረቀ በኋላ በውኃ የሚሠራ የውጭ ግድግዳ ቀለም ሦስት አራት ጊዜ ይቀባል። ውኃውን የሚከለክለው ቀለሙ ነው፤ ሸራው ቀለሙን የሚሸከም አጥንት ብቻ ነው። ሁለት ቁራጮች ሲደራረቡ የላይኛው ሁልጊዜ በታችኛው ላይ ይተኛል፣ እንደ ሣር ቤት ክዳን።

የሚያፈስ መስኮት በዙሪያው ሲሊኮን በመጨመር አይድንም። ይነቀላል፣ አሮጌው ማሸጊያ ሙሉ በሙሉ ይፋቃል፣ የፎሙና የእንጨቱ የተቆረጠ ጠርዝ በኮላና በቀለም ይዘጋል፤ ከዚያ በክፈፉ ሥር የቡቲል ጥቅል ማሸጊያ ይደረጋል። ቡቲል ጨርሶ ስለማይደርቅ የመስፋፋቱን እንቅስቃሴ አብሮ ይከተላል። ቪቴዎቹ በተራ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ፤ የተትረፈረፈው ወደ ውጭ ሲወጣ ይቆረጣል፣ በማግስቱም እንደገና ይጠብቃሉ። በክፈፉ ግርጌ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ የውኃ መውጫ ናቸውና አይደፈኑም።

ሲሊኮን በኢትዮጵያም በአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራ የታወቀ ስለሆነ እዚህ ለምን እንደሚወቀስ መግለጽ ያሻል። በመስተዋትና በብረት ላይ ጥሩ ነው። በፎሚ ላይ ግን ቀለም በላዩ አይዝም፤ ሲነሣም የማይታይ ቅባት ስለሚተው ቀጥሎ የሚመጣው ኮላም ሆነ ቀለም ይላጣል። አንዴ ሲሊኮን የነካው ሸራ ተቆርጦ ከመጣል በቀር መላ የለውም ማለት ይቻላል። በቆርቆሮ የሚረጩ ቀለሞችና ማሸጊያዎችም ፎሙን የሚያሟሟ ነገር ሊይዙ ስለሚችሉ ቀድሞ በቁራጭ ፎም ላይ ይሞከራሉ።

የላላ ቪቴ ቀዳዳ በትራፓኖ ሰፋ ተደርጎ ይቆፈራል፣ በኢፖክሲ ይሞላል፣ ከጠነከረ በኋላ በመሐሉ እንደገና ይበሳል። ቪቴው ከዚያ በኋላ እንጨቱን ሳይሆን ኢፖክሲውን ስለሚነካ ማሸጊያው ቢለቅ እንኳ ውኃው ወደ እንጨቱ አይደርስም።

ወለሉና አደጋው

ወለሉ ከኮምፔንሳቶ ከሆነ ጠርዙ በወስፌ ይፈተሻል። ወስፌው ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ይህ ችላ የሚባል አይደለም፤ በብዙ ፎሚዎች ግድግዳው ከብረት ሻንሲው ጋር የሚያያዘው በዚሁ የወለል ጠርዝ በኩል ነው። ጠርዙ ከበሰበሰ ቀላሉ ቤት በፈጣን መንገድ ላይ በነፋስ ሊነሣ ይችላል፤ ስለዚህ የበሰበሰው ክፍል ተቆርጦ በአዲስ እስኪተካ ድረስ ተጎታቹ አይነዳም። ሻጋታ የያዘ ጨርቅና ፍራሽም ይወጣል፤ በጠባብ ክፍል አስም ላለበት ሰው ክፉ ነው።

ስርገትን ለማቆም ሲባል የአየር ማስገቢያው አብሮ እንዳይደፈን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ በታሸገ ክፍል ውስጥ የጋዝ ምድጃ ወይም ማሞቂያ ማብራት በማይሸትና በማይታይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ፖሊስታይሪንም በእሳት ይያያዛል፣ ሲነድም ጥቁር መርዛማ ጭስ ያወጣል። በእነዚህ ምክንያቶች ምግብ ማብሰያው ከኋላ ባለው ክዳን ሥር፣ ከመኝታው ውጭ ይሆናል።

ተጎታቹ ሲቆም ፊቱ ወይም ኋላው ጥቂት ከፍ እንዲል ይደረጋል፣ ጣሪያው ላይ ውኃ እንዳይተኛ። ላስቲክ አጥብቆ መሸፈን ትነቱን አፍኖ ሻጋታ ያመጣል፤ ጎኖቹ ክፍት የሆነ መጠለያ ይሻላል። የመጋጠሚያዎቹ ቀለም በየዓመቱ ይታያል፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ እንደተገኘ በብሩሽ መንካት በኋላ የሚመጣውን መቅደድና መለጠፍ ያስቀራል።