ሳፊር በማሽላ አገዳ፦ ስለ አየር ኃይላችን ማሠልጠኛ አውሮፕላን ከጀውሃ የተጻፈ

የአየር ኃይላችን ታሪክ ሲነሳ ጨዋታው ቶሎ ወደ ኤፍ-5 ይዞራል። የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት፣ የወደቁት ሚጎች፣ የአብራሪዎቹ ጀግንነት ይወራል። ተገቢ ነው፤ እኔም ሰምቼ አልጠግብም። ነገር ግን ጀት ላይ የወጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ከመምህር ጋር ተቀምጦ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ መሪ የጨበጠባት ትንሽ አውሮፕላን ነበረችው። እሷ በመጻሕፍት ውስጥ የምታገኘው ቦታ ቢበዛ አንድ መስመር ነው። ሥልጠናው በሳፊር ተጀመረ ይባልና ይታለፋል።

እኔ ላለፉት ሦስት ዓመታት ጀውሃ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ የሳፊርን ሞዴል ስሠራ ቆይቻለሁ፤ እስካሁን ስድስት ደርሰዋል። ለማኅበራችን የዓመት መጽሐፍ ይህን መጻፌ፣ ሞዴል የሚሠራ ሰው አንባቢ የማይጠይቀውን ጥያቄ ለመጠየቅ ስለሚገደድ ነው። አንባቢ «ሳፊር» የሚለውን ቃል አንብቦ ያልፋል። እንጨት የሚጠርብ ሰው ግን የትኛዋ ሳፊር ብሎ ካልጠየቀ ቢላዋውን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም።

ሳፊር፣ በፋብሪካ ስሟ ሳብ 91፣ የስዊድን ሥራ ናት። ንድፏን ያወጣው ቀደም ሲል በጀርመኑ ቡከር ኩባንያ ማሠልጠኛ አውሮፕላኖችን ይነድፍ የነበረው አንደርስ አንደርሰን ነው። ኅዳር 11 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ የዓለም ጦርነት ባበቃ በወራት ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች። በጠቅላላው 323 ተሠርተዋል፤ ከእነዚህ ከአርባ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያ መጥተዋል። አንድ ሞተር፣ ከታች የተገጠመ ክንፍ፣ ከበረራ በኋላ የሚታጠፉ ሦስት እግሮች። ለማስተማር የተሠራች ናትና ጌጥ የላትም።

ከኢትዮጵያ ጋር ያስተዋወቃት ሰው ግን ጌጥ የሞላበት ሕይወት ነው የኖረው። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን በቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ይበር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ደብረ ዘይት፣ ማለትም ቢሾፍቱ፣ ላይ አየር ኃይሉን ካደራጁት ዋነኛው ሆነ። ግንቦት 1 ቀን 1939 ዓ.ም. በሳፊር ከስቶክሆልም ተነሣና 6,220 ኪሎ ሜትር ያህል አንዴም ሳያርፍ በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ አዲስ አበባ ገባ። ልብ በሉ፣ ይቺ የተማሪ አውሮፕላን ናት! ሰውየው በ1961 ዓ.ም. ቢያፍራ ሄዶ ከዚችም ያነሱ የስዊድን አውሮፕላኖችን ሮኬት አስታጥቆ አዋግቷል። በመጨረሻም ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ፣ በዚያው በኦጋዴን ጦርነት፣ ተገደለ።

እርግጥ በረራ ትምህርት ከስዊድኖች ጋር አልመጣም። የመጀመሪያዋ ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ የደረሰችው በ1921 ዓ.ም. ነው፤ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆነዋል። ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰንም ከወረራው በፊት መጥቶ ነበር፣ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ አስተምሯል። የእሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወደ በረንዳዬ ልመለስ። የምሠራው 1 ለ 20 በሆነ ልክ ነው። የሳፊር ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 10.6 ሜትር ነው፤ የእኔዋ 53 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ርዝመቷም ወደ 40። ከውጭ የሚመጣው ቀላል እንጨት እዚህ የለም። ማሽላ ግን አለ። የይፋት ቆላ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ መኪናውን የሠራው በማሽላ አገዳ ነው። የአገዳው ልብ ለስላሳና ቀላል ነው፣ በምላጭ እንደፈለጉ ይቆረጣል፤ ልጡ ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ ሚስማርም ማገርም ይሆናል። ልጆች ሳያጠኑ የሚያውቁት ይህ ነገር ለአውሮፕላን ክንፍ የሚፈለገው ባሕርይ ነው፤ ውስጡ ቀላል፣ ቆዳው ብርቱ። አካሏን ከዋንዛ እጠርባለሁ፤ እግሮቿ የጃንጥላ ሽቦ ናቸው፣ ጎማዋ ያረጀ በረባሶ።

ችግሩ የሚመጣው አፍንጫው ላይ ሲደረስ ነው። የመጀመሪያዋ፣ 91ኤ የምትባለው፣ 145 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንግሊዝ ጂፕሲ ሜጀር ሞተር ነበራት። አራቱ ሲሊንደሮች ከፊት ወደ ኋላ በአንድ መስመር ስለተሰለፉ አፍንጫዋ ጠባብ ነው። 91ቢ ደግሞ 190 የፈረስ ጉልበት ያለው የአሜሪካ ላይካሚንግ አላት፤ ስድስት ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ ስለተኙ አፍንጫዋ ሰፋ ይላል። በሞዴሉ ላይ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ በሰማይ ላይ ግን ትልቅ ነገር ነው። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳስቶ ተራ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ይህን ለጀውሃ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚህ ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበርን የሚወጣ አሮጌ ኤን ትሬ እንዴት እንደሚያለከልክ ሁሉም ያውቃል። በ145 ጉልበት ሁለት ሰው ጭኖ ከቢሾፍቱ ሜዳ መነሣትና በ190 መነሣት አንድ አይደለም። ያ ሰፊ አፍንጫ ለተማሪው ትርፍ ትንፋሽ ነበር።

ሌላው የቀለም ጉዳይ ነው። የዘመኑ ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ በእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ አረንጓዴና ቀይ ተመሳሳይ ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ክንፉ ላይ ካለው ባለ ሦስት ቀለም ክብ ምልክት ውስጥ ቢጫው ብቻ ነው ራሱን የሚናገረው። ለቀረው ሰው መጠየቅ ግድ ነው፤ በተለይ ቀለሙን በእጁ የቀባውን፣ ሞተሩን የፈታውን መካኒክ። የእነዚያ ሰዎች ዕድሜ ዛሬ የት እንደደረሰ እናንተው አስሉት።

ከሁሉ ደጋግሜ የሠራሁት የመቀመጫውን ክፍል ነው። በሳፊር መምህርና ተማሪ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ መሪውም ለሁለቱም ነው። ከአሜሪካ ጋር በ1945 ዓ.ም. የመከላከያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የመጡት ቲ-28 እና ቲ-33 ግን መምህሩን ከኋላ ነው ያስቀመጡት፤ የሚያየው የተማሪውን ማናፈሻ ሳይሆን የራስ ቁሩን ብቻ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን የምታስተምሩ ይህ ልዩነት ይገባችኋል። ጀማሪ ተማሪ መሳሳቱ መጀመሪያ ከፊቱ ላይ ነው የሚታወቀው፤ እጁ ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ጎን ለጎን የተቀመጠ መምህር ስሕተቱ ሳይሠራ ይደርስበታል። በደርግ ዘመን ከመጡት ውስጥ የጣሊያኑ ኤስኤፍ-260 ጎን ለጎን ወደማስቀመጥ መለስ ሲል፣ የቼኮዝሎቫኪያው ኤል-39 እንደገና ከኋላ አስቀመጠ።

ጥር 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» ከጣሊያን ስትመለስ ሕዝቡ እንዴት እንደተደሰተ አይተናል። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር እዚሁ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች ትንሽ አውሮፕላን ናት። ቦምብ አልጣለችም፣ ጠላት አልመታችም፤ ግን ሰማኒያ ምናምን ዓመት ቆይታም ስትመጣ ሰው አነባ። እንግዲህ ትንሽ አውሮፕላን ለማስታወስ ጦርነት መዋጋቷ ግዴታ አይደለም ማለት ነው።

ከመካከላችን አባቱ ወይም አጎቱ ቢሾፍቱ ያገለገለ ጥቂት አይደለም። በዚህ ስብሰባ ስትመጡ አልበሞቹን ፈትሹልኝ። ከአውሮፕላን ጎን ቆመው የተነሡት ፎቶ ካለ፣ ጀርባውም ላይ ቀንና ስም ተጽፎ እንደሆነ ገልብጣችሁ እዩ፤ ኮፒውን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስጡ። ሰውየው በሕይወት ካሉ ደግሞ ስልክ ክፈቱና ድምፃቸውን ቅዱ፤ ስለ አፍንጫውም ጠይቋቸው።

አምስቱ ሞዴሎች ተቀብተው አልቀዋል። የሠፈር ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጎራ እያሉ ክንፏን ይለካሉ፤ አንዱ እንዲያውም በራሱ አገዳ አፍንጫዋን አስፍቶ ሠርቶ አሳይቶኛል። ስድስተኛዋ፣ ሰፊ አፍንጫዋ 91ቢ፣ ገና ነጭ እንጨት ናት። ጅራቷ ላይ የቁጥሩን ቦታ በእርሳስ ከብቤ ትቼዋለሁ፤ ከእናንተ አልበም ለሚመጣው።