ላንቻ፦ 240 መኪኖች እና አንድ ሰፈር

አዲስ አበባ ውስጥ ላንቻ ሰፈር ነው። የታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ ስሙን ይጠሩታል፤ ቀላሉ ባቡርም ከጠመንጃ ያዥ ቀጥሎ በዚሁ ስም የሚጠራ ጣቢያ አለው። እኔ በምኖርበት ስቶክሆልም ግን ላንቻ ሲባል የሚታሰበው የጣሊያን መኪና ነው። በድሮ መኪና ወዳጆች ዘንድ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚነሳው አንድ ጣሪያ የለሽ መኪና ነው፦ አውሬሊያ ቢ24 ስፓይደር። ቪንቼንሶ ላንቻ በ1906 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቶሪኖ ላይ ኩባንያውን ሲያቋቁም የቤተሰቡን ስም ሰጠው። ቃሉ በጣሊያንኛ ጦር ማለት ነው፤ የኩባንያው ዓርማም ባንዲራ የታሰረበት ጦር አለበት። ጦርና ጠመንጃ ያዥ ጎረቤት መሆናቸው የታሪክ ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ ብቻ ግን አይደለም።

መጀመሪያ ስለ መኪናው። ስፓይደሩ ለሕዝብ የታየው በጥር 1955 በብራስልስ የመኪና አውደ ርዕይ ነው። ቅርጹን ያወጣው የቶሪኖው ፒኒን ፋሪና ሲሆን፣ ታስቦ የተሠራውም በዋናነት ለአሜሪካ ገበያ ነበር። የፊት መስታወቱ እንደ ዘመኑ የአሜሪካ መኪኖች ወደ ጎን ይታጠፋል። ከዚያ በቀር ግን ንድፉ የቆመው በመተው ላይ ነው። በሮቹ ከውጭ እጀታ የላቸውም፤ ለመክፈት እጅን ወደ ውስጥ መስደድ ያስፈልጋል። ከፍ ዝቅ የሚል የጎን መስታወት የለም። የፊት የግጭት መከላከያው እንኳ አንድ ወጥ ሳይሆን መሐሉ ክፍት የሆነ፣ ለሁለት የተከፈለ ነው። የአውሬሊያ ሞተር ስድስት ሲሊንደሮቹን ሦስት ሦስት አድርጎ በቪ ቅርጽ የደረደረ ነበር፤ በዚህ ዓይነት ሞተር በብዛት ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው መኪናም አውሬሊያ ነው። ካምቢዮው ደግሞ ክብደቱ እንዲመጣጠን ወደ ኋላ ተወስዷል። ዓይን ከፊት እስከ ኋላ ምንም ሳያደናቅፈው ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ውበት ግን ብዙ አልተመረተም። የተሠሩት ስፓይደሮች 240 ብቻ ናቸው፤ 181ዱ መሪያቸው በግራ፣ 59ኙ በቀኝ። በ1956 በእግሩ የተተካው ክፍት መኪና የሚወርድ የጎን መስታወትና የውጭ የበር እጀታ ይዞ መጣ፤ እስከ 1958 ድረስም 521 ተሠራ። የተጨመረው ነገር ከፊተኛው ምን ጎድሎ እንደነበር ይናገራል። ኩባንያው ራሱም በዚያው ጊዜ እየተንገዳገደ ነበር። የእሽቅድምድም ወጪው ከበደው፤ በግንቦት 1955 ዋናው ተወዳዳሪው አልቤርቶ አስካሪ ሞተ፤ በሐምሌ የእሽቅድምድም መኪኖቹን ለፌራሪ አስረከበ፤ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ከላንቻ ቤተሰብ እጅ ወጣ። ዛሬ አንድ ስፓይደር በጨረታ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያወጣ ቁጥሩ ማነሱ እንደ ክብር ይቆጠርለታል። በጊዜው ግን ማነሱ የክብር ጉዳይ አልነበረም።

ደግሞስ ብርቅ መሆን ብቻውን ያስከብራል? መልሱ እዚሁ ስዊድን አለ። ቮልቮ በ1956 እና በ1957 ፒ1900 የተባለ ክፍት መኪና ሠርቶ ነበር። ቁጥሩ 70 እንኳ ሳይሞላ፣ አዲሱ የኩባንያው ኃላፊ ጉናር ኤንጌላው ነድቶ ከሞከረው በኋላ ምርቱን አስቆመው። ከላንቻው እጅግ ያነሰ ቁጥር ነው፤ ከስዊድን ውጭ ግን ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቮልቮ ለተከታዩ የስፖርት መኪና ቅርጽ ፍለጋ የሄደው ወደ ቶሪኖ ነው። የተመረጠውን ንድፍ የሣለው እዚያ በፍሩዋ ዘንድ ይሠራ የነበረው ወጣት ስዊድናዊ ፔለ ፔተርሾን ነበር። መኪናው ፒ1800 ተብሎ በጥር 1960 ያው ብራስልስ ላይ ታየ። እንግዲህ ጥቂትነት የሚያስከብረው ቀድሞውኑ የሚወደድ ነገር ሲኖር ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ ላንቻ የመጣው በሌላ መልክ ነው። በ1935 የጀመረው ወረራ ጦርና ስንቅ ይዞ የገባው በጭነት መኪና ነበር፤ ከእነዚያ አንዱ ላንቻ ሮ ነው። ከእሱ ጋር የፊያት ትሬንታ ኳትሮ መጣ፤ ከነፃነት በኋላም ኤንትሬ መንገዱን ሞላው። የቶሪኖ ፋብሪካዎች ለአንዱ ዓለም ስፓይደር፣ ለሌላው የጦር ጭነት ሠርተዋል። ከጭነቱ ጋር የገባው ቋንቋ ግን ቀረ። ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ ላሜራ፦ መርካቶ ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚያፈላልግ ልጅ በየቀኑ የሚጠራቸው የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ስቶክሆልም ላይ በዬርደስሎፔት የድሮ መኪኖች በዓል ከጣሊያን መኪና አጠገብ የቆመ አማርኛ ተናጋሪ፣ ከአጠገቡ ካለው ስዊድናዊ ይልቅ የመኪናውን ክፍሎች ለሠሪዎቹ በቀረበ ስም ይጠራቸዋል። ይህን እውቀት የከፈልንበት ዋጋ ግን በጨረታ ዝርዝር ላይ አይገኝም።

እያንዳንዱ ስፓይደር በሻንሲ ቁጥሩ ይታወቃል፤ ማን ገዛው፣ የት ዞረ፣ መቼ ቀለም ተቀየረ፣ ሰብሳቢዎች ያንን ሁሉ እየተከታተሉ ይጽፋሉ። በላንቻ ሮ ላይ የተጫነው፣ ያወረደውና መንገዱን የጠረገው ሰው እንዲህ በስም አልተመዘገበም። እኛም ስሙን በየቀኑ እየጠራን ከየት እንደመጣ ብዙ አንጠይቅም። የላንቻ ታሪክ ሙሉ የሚሆነው ከብራስልሱ አውደ ርዕይ ጋር ከጠመንጃ ያዥ ቀጥሎ ያለውንም ጣቢያ ሲጨምር ነው።