በፍርድ ሸንጎ ፊት መመስከርና መካድ
በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቍጥር 32 እና 33 ላይ የታሪክ ሐተታ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ለስብከት በላካቸው ጊዜ፥ በሰው ፊት ለመሰከረለት እርሱም በሰማያዊ አባቱ ፊት እንደሚመሰክርለት፥ የካደውን ደግሞ እንደሚክደው አስጠነቀቃቸው። ይህ ቃል በሰላም ዘመን ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ የሚያነበውም የሚሰማውም በየልቡ እኔስ አልክድም ይላልና። ነገር ግን ሰይፍ በተመዘዘበት፥ ርስትና ሹመት በሚነጠቅበት፥ ሚስትና ልጅ በሚያለቅሱበት ሰዓት ምእመናን ምን አደረጉ የሚል ሰው ቢኖር፥ መልሱ የሚገኘው ከሰው ግምት ሳይሆን ከታሪክ ነው። ታሪክም የጸኑትን ብቻ አይናገርም፤ የወደቁትንም፥ ወድቀው የተነሡትንም አንድ አድርጎ ይናገራል።

የዚህም መጀመሪያው ከወንጌል ይገኛል። ሊቀ ሐዋርያት ጴጥሮስ ሌሎቹ ሁሉ ቢሰናከሉ እንኳ እርሱ እንደማይሰናከል አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። በዚያችው ሌሊት ግን በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ፥ ወታደር ሰይፍ ሳይመዝበት፥ ዳኛም ሳይመረምረው፥ ገረድ ስለ ጠየቀችው ካደ። ኋላ ግን መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ በመጨረሻም በሮሜ ስለ ጌታው ሞተ። እንግዲህ የካደውም የመሰከረውም ያው አንዱ ጴጥሮስ ነው። ዛሬ የወደቀውን ነገ እንደማይነሣ፥ ዛሬ የቆመውንም ነገ እንደማይወድቅ አድርጎ መፍረድ እንዳይገባ ከዚህ ይታወቃል።

ይህ ነገር በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን በመላዋ ቤተ ክርስቲያን ላይ የታየው በንጉሠ ነገሥቱ በዳኬዎስ ዘመን ነው። ዳኬዎስ የሮማን መንግሥት በጥንት አማልክት ሞገስ ለማጽናት አስቦ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ249 መጨረሻ፥ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ዐዋጅ ነገረ። ከዚህ በታች ያሉትም የሮማ ዘመን ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በየከተማው ሹማምንት ተቀመጡ፤ እያንዳንዱም ሰው በፊታቸው ቀርቦ የወይን ቍርባን ያፈሳል፥ ይሠዋል፥ ከመሥዋዕቱም ሥጋ ይቀምሳል፤ ይህን ከፈጸመ በኋላ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 የሚበልጡት ከ1893 ጀምሮ በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹም የተጻፉት በ250 በሰኔና በሐምሌ ወር ነው። ከእነርሱም አንዱ የአዞ አምላክ አገልጋይ ለነበረች ሴት የተሰጠ ነው። ጣዖት አገልጋይቱ ሳትቀር ከተመረመረች፥ ክርስቲያን ተሸሽጎ የሚያመልጥበት በር እጅግ የጠበበ እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

የሮሜው ጳጳስ ፋቢያኖስ በጥር 250 ሞተ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰማዕታት አንዱ እርሱ ነው። በእስክንድርያ የሆነውን ደግሞ የዚያች ከተማ ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ ለአንጾኪያው ጳጳስ በጻፈው መልእክት ተርኮታል፤ መልእክቱንም አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ ጠብቆታል። ዲዮናስዮስ የልጆቹን ውርደት አልሸሸገም። ከታላላቆቹ ብዙዎች ከፍርሃት የተነሣ ፈጥነው ቀረቡ፤ በመንግሥት ሥራ ያሉትን ሥራቸው ጐተታቸው፤ ሌሎቹን ወዳጆቻቸው እየመሩ ወሰዷቸው። አንዳንዶቹ ፊታቸው ገርጥቶ፥ ጕልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ሲመጡ፥ ሠዊዎች ሳይሆኑ ራሳቸው የሚታረዱ መሥዋዕት ይመስሉ ነበርና የቆመው ሕዝብ ሳቀባቸው፤ ለመሞትም ለመሠዋትም እንደ ፈሩ ታይቶባቸዋልና። ሌሎቹ ታስረው ብዙ ቀን ከታገሡ በኋላ ከዳኛው ፊት ሳይደርሱ ካዱ። ከሥቃዩ ጥቂቱን ታግሠው ከዚያ ወዲያ የተሸነፉም ነበሩ።

ነገር ግን በዚያው ሸንጎ ሌላ ነገር ደግሞ ታየ። አሞን፥ ዜኖን፥ ጰጥሎሜዎስና ኢንጌንስ የሚባሉ ወታደሮች ቴዎፍሎስ ከሚባል ሽማግሌ ጋራ በዳኛው አጠገብ ቆመው ነበር። አንድ ክርስቲያን ሊክድ ሲያዘነብል ባዩ ጊዜ ጥርሳቸውን አፋጩ፥ በፊትና በእጅ ምልክት ሰጡት። ሕዝቡም ሲመለከታቸው፥ ማንም ሳይዛቸው ሮጠው ወደ ፍርድ ወንበሩ ቀርበው ክርስቲያን መሆናቸውን ተናገሩ። ያን ጊዜ የፈሩት ተከሳሾቹ ሳይሆኑ ዳኞቹ ነበሩ። ዲዮስቆሮስ የተባለ የ15 ዓመት ልጅም ለማባበልም ለሥቃይም ሳይረታ ቀርቶ፥ ዳኛው ስለ ልጅነቱ ጊዜ ሰጥቶ ለቀቀው። እንግዲህ ታላላቆቹ በወደቁበት ስፍራ ሕፃኑ ቆመ፤ ስማቸው ያልታወቀ ጭፍሮችም ከባለ ጠጎች በለጡ። ጽናት በማዕርግና በዕድሜ የሚለካ ነገር አይደለም።

በአፍሪካ ምድር በቀርጣግና የነበረው ጳጳስ ቆጵርያኖስ ስለዚሁ ዘመን መጽሐፍ ጽፏል። እርሱ እንደሚተርከው፥ ገና ሳይያዙ ወደ መሠዊያው የሮጡ ብዙዎች ናቸው፤ ጊዜው መሽቶ ሹማምንቱ ለነገ ሲሏቸው ዛሬውን ይፈጸምልን ብለው የለመኑም ነበሩ። የወደቁትም በሦስት ወገን ተለዩ፤ አንደኞቹ መሥዋዕት የሠዉ፥ ሁለተኞቹ ዕጣን ብቻ ያጠኑ፥ ሦስተኞቹ ሳይሠዉ የሠዉ የሚያስመስል ወረቀት በገንዘብ የገዙ ናቸው። ሦስተኞቹ እጃችን አልረከሰም ብለው ያስቡ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ወረቀቱም ያለ ቃል የካደ አንደበት ነው ብላ ንስሓ አዘዘቻቸው።

ዳኬዎስ በ251 በጦር ሜዳ ሲሞት ስደቱ ረገበ፤ ፈተናው ግን አላለቀም። በሰይፍ ጊዜ የነበረው ጥያቄ ማን ይጸናል የሚል ነበር፤ በሰላም ጊዜ የመጣው ጥያቄ ግን የወደቀው እያለቀሰ በር ሲመታ ማን ይከፍትለታል የሚል ሆነ። በሮሜ ኖባጥያኖስ የካደውን ቤተ ክርስቲያን ከቶ ልትቀበለው አይገባትም ብሎ ተለየ። በሌላ ወገን ደግሞ በእስር የጸኑ አንዳንድ ሰዎች ለወደቁት ሁሉ ያለ ምርመራ የዕርቅ ደብዳቤ ያድሉ ጀመር። ቆርኔሌዎስ የሮሜ ጳጳስና ቆጵርያኖስ ግን መካከለኛውን መንገድ ያዙ። በ251 በቀርጣግና የተሰበሰበው ጉባኤ ወረቀት የገዙት እየተመረመሩ እንዲገቡ፥ የሠዉት ግን በረዥም ንስሓ ቆይተው በሞት ጊዜ እንዲቀበሉ ወሰነ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ስደት ሲያሰጋ፥ ጳጳሳቱ ንስሓ የገቡትን ሁሉ ተቀበሉ፤ የክርስቶስን ደም ከጽዋው የከለከሉትን ሰው ደምህን ስለ ክርስቶስ አፍስስ ለማለት እንደማይቻል አይተዋልና።

ዲዮናስዮስ በዚህ ነገር የሚተርከው የሽማግሌው የሱራፕዮን ታሪክ ነው። ሱራፕዮን ዕድሜውን በነቀፋ ያልተገኘበት ሰው ሲሆን በስደቱ ሠዋ፤ ኋላ ብዙ ቢለምን የሚሰማው አጣ። ታሞ ሦስት ቀን ድምፁ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ጥቂት ነቅቶ፥ ካህን እንዲጠራለት የልጁን ልጅ በሌሊት ላከው። ካህኑም ታሞ ነበርና መምጣት አልቻለም፤ ከቅዱስ ቍርባኑ ጥቂት ለልጁ ሰጥቶ፥ አርሶ በሽማግሌው አፍ እንዲያኖር አዘዘው። ሱራፕዮንም ተቀብሎ ወዲያው ዐረፈ። ሊቀ ጳጳሳቱ ይህን የጻፈው፥ ሰውየው እስኪፈታ ድረስ በሕይወት የተጠበቀ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ቆጵርያኖስ ራሱ በዳኬዎስ ጊዜ ከከተማው ሸሽቶ ተሸሽጎ ነበርና ብዙዎች ነቀፉት። በ258 በመስከረም ግን በንጉሡ በዋሌርያኖስ ዘመን በዳኛ ፊት ቆሞ መሠዋትን እምቢ አለ፥ አንገቱም በሰይፍ ተቈረጠ። የሸሸው ጳጳስ ሰማዕት ሆነ። ስለዚህ መሸሽ ሁሉ መካድ አይደለም፤ ጌታም በአንዲቱ ከተማ ሲያሳድዷቸው ወደ ሌላዪቱ እንዲሸሹ ሐዋርያትን አዟል።

ከዚህ በኋላ በ303 የዲዮቅልጥያኖስ ስደት ተነሣ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ዘመኗን ከዚህ ንጉሥ መንገሥ፥ ከ284 ጀምራ ዓመተ ሰማዕታት ብላ ትቈጥራለች፤ ከዓመተ ምሕረት 276 ሲቀነስ የሚገኘው ይህ ቍጥር በባሕረ ሐሳብ የታወቀ ነው። የዚያን ጊዜው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ጴጥሮስ ተፍጻሜተ ሰማዕት በ306 የወደቁትን የሚመለከት ሥርዓት ሠራ። ብዙ ሥቃይ ታግሠው በሥጋ ድካም የተሸነፉት፥ ባለፈው ሦስት ዓመት ላይ 40 ቀን እንዲጨምሩ አለ፤ ታስረው ብቻ የካዱት አንድ ዓመት፤ ምንም ሳይነካቸው በፍርሃት የካዱት አራት ዓመት። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ስለ ጌቶችና ስለ ባሮች የደነገገው ነው፤ በጌታው ፈንታ ተገዶ ለሠዋው ባሪያ አንድ ዓመት ሲያዝ፥ ባሪያውን ለላከው ጌታ ሦስት ዓመት አዘዘ። በሌላ ሰው ነፍስ ራሱን የሸሸገ ጌታ ከተገደደው ባሪያ ይልቅ በደለኛ መሆኑን በዚህ አስረዳ። ገንዘብ ሰጥተው የተለቀቁትን፥ ሀብታቸውን ትተው የሸሹትንም አልነቀፈም። የአስዩጡ ጳጳስ ሜሌጥዮስ በአንጻሩ ተነሥቶ ተለየ፤ ቅዱስ ጴጥሮስ ግን ለሌሎች የራራ ሲሆን ለራሱ አልራራም፥ በ311 አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሷን ከዚህ መንበር ትቀበል ነበርና፥ ይህ ልማድ ለእርሷም ደረሰ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. ባደረገው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ብዙዎች ታረዱ፥ ብዙዎችም ነፍሳቸውን ለማዳን ሃይማኖታቸውን ለወጡ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ድል ሲመጣ የተለወጡት ተመለሱ። ክዶ ለሚመለስ ሰው የሚጸለየው መጽሐፈ ቄድር፥ ዳግመኛ ጥምቀት ሳይሆን የንስሓ መንጻት ነው፤ የወደቀው ሰው የመጀመሪያው ጥምቀቱ እንዳልጠፋበት ይመሰክራልና።

ይህንም ታሪክ የሚያነብ መኰንን ሌላውን ገጽ መዝለል አይገባውም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ፥ ሹማምንቱም ካልተጠመቁ ሹመታቸውን እንዲለቁ አዘዙ። የተጠመቁ አሉ፤ የተሰደዱና የሸፈቱ አሉ፤ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆነው የኖሩም አሉ። በዳኬዎስ ዘመን በወረቀት የተሸሸገው ልብ፥ በወሎ በማተብ ተሸሸገ። በግድ የተገኘ ቃል፥ የሚያስገድደው ማንም ቢሆን፥ ሃይማኖት አይባልም።

ነገሩም የጥንት ብቻ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በሊብያ ባሕር ዳር 20 የግብፅ ክርስቲያኖችና 1 የጋና ሰው፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በሃይማኖታቸው ምክንያት ተገደሉ። እነዚህ ጳጳሳት ወይም መነኮሳት አልነበሩም፤ እንጀራ ፍለጋ የተሰደዱ ሠራተኞች ነበሩ። አስቀድሞ ይጸናሉ ብሎ ማንም አልገመታቸውም።

እንግዲህ ምእመን በሞት ፊት ይክዳልን ቢሉ፥ የታሪክ መልስ እንዲህ ነው፤ ብዙው ካደ፥ ጥቂቱ ጸና፥ ከካደውም ብዙው ተመለሰ። ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን ሰዓቱ ሳይደርስ የሚያውቅ የለም፤ አውቃለሁ ያለውም ጴጥሮስ በገረድ ፊት ተረታ። ስለዚህ በሰላም ያለ ሰው ሥራው ሁለት ነው፤ ስለ ራሱ መፍራትና መጸለይ፥ ስለ ወደቀው ደግሞ በሩን መክፈት። ካህን ለሱራፕዮን የላከውን ቍርባን አይከልክል፤ መኰንንም ባሪያውን በራሱ ፈንታ እንደ ላከው ጌታ አይሁን። የጴጥሮስን እንባ የተቀበለ ጌታ ለሁሉም የንስሓ ዘመን ይስጥ፤ አሜን።