ጥርስ ቆጣቢ ሕክምና በጅቡቲ ከተማ

ጥርስ ቆጣቢ ሕክምና የበሰበሰውን የጥርስ ክፍል ብቻ አንሥቶ ጤናማውን ሳይነካ ለመተው የሚጥር የሕክምና ስልት ነው። ገና ያልተቦረቦረ ብስባሴንም ያለ መሰርሰሪያ ለማስቆም ይሞክራል።

አመጣጥ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረው ልማድ የአሜሪካዊው ሐኪም ግሪን ቫርዲማን ብላክ ነው፤ ብስባሴ እንዳይዛመት በሚል ጤናማው ጥርስ ጭምር ይሰረሰር ነበር። መሙያው አማልጋም ከጥርስ ጋር ስለማይጣበቅም ሰፊ ጉድጓድ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቦኖኮር ሬዚን የተባለው ፕላስቲክ መሰል ቁስ በአሲድ ከተዘጋጀ የጥርስ ገጽ ጋር እንደሚጣበቅ አሳየ። በ1970ዎቹ ደግሞ በራሱ የሚጣበቀውና ፍሎራይድ የሚለቀው ግላስ አዮኖመር የተባለው ሲሚንቶ መጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ ኤሌክትሪክ በሌለበት ቦታ ብስባሴን በእጅ መሣሪያ ፍቆ በሚጣበቅ ሲሚንቶ መሙላት ተጀመረ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1994 ስልቱን አስተዋወቀ።

አሠራር

ምራቅ ማዕድን ወደ ጥርስ ስለሚመልስ ጅምር ብስባሴ ሊያገግም ይችላል፤ ፍሎራይድ ይህን ያግዛል። የመንጋጋ ጥርስ ስንጥቆች በሬዚን ይታሸጋሉ። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለው ፈሳሽ ያለ ቁፋሮ ብስባሴን ያስቆማል፤ የተቀባውን ቦታ ግን ያጠቁራል። ይህ ፈሳሽ፣ የፍሎራይድ ጥርስ ሳሙናና ግላስ አዮኖመር በ2021 በዓለም ጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል።

በጅቡቲ ከተማ

አብዛኛው የአገሪቱ ሕዝብ በዋና ከተማዋ ይኖራል። ከኢትዮጵያ በየቀኑ የሚገባው ጫት ከሰዓት በኋላ ሲቃም አፍን ያደርቃል፤ ጥርስን የሚያድሰው ምራቅ ይቀንሳል። አብሮት ስኳር የበዛበት መጠጥ ሲጠጣ ጉዳቱ ይጨምራል። በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት የሚቋጠረው ቅጠል የዚያን ወገን ድድ ሊጎዳ ይችላል። በገበያ የሚሸጠው ሚስዋክ የተሰኘው መፋቂያ በጥንቃቄ ከተጠቀሙበት የጥርስን ቆሻሻ ያስወግዳል፤ የፍሎራይድ ሳሙናን ግን አይተካም።

ጅቡቲ በ2014 የሜርኩሪን አጠቃቀም የሚገድበውን የሚናማታ ስምምነት ተቀብላለች። ስምምነቱ በ2017 ሥራ ላይ ውሏል። አባል አገሮች በ2022 ባሳለፉት ውሳኔ፣ ሐኪሙ አስፈላጊ ሆኖ ካላገኘው በቀር፣ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአጥቢ እናቶች ሜርኩሪ ያለበት አማልጋም አይሰጥም። ስለዚህ ወደ ግላስ አዮኖመርና ሬዚን መሻገሩ ከሕክምናው ባሻገር የስምምነቱም ግዴታ ነው።

ገደብ

ስልቱ የሚሠራው ብስባሴው የጥርሱ ነርቭ ጋ ሳይደርስ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም እብጠት ከመጣ የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ሊያስፈልግ ይችላል።