ለጥርስ ሕመም አንቲባዮቲክ መቼ ይታዘዛል?

ባለፈው ሰሞን መንጋጋዬ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አደረና፣ ሲነጋ ከሰፈሬ መድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዛሁ፡፡ ማዘዣ የጠየቀኝ የለም፡፡ ያለ ማዘዣ እንደማይሸጥ ሕግ ያጠናሁት እኔ አጥቼው አይደለም፤ ጥርስ ሲያም ግን ሕግ ማን ያስታውሳል!

የጥርስ ሕክምና ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ጉንጬን አየችና፣ «ጋሼ፣ ያተኩስዎታል? አፍዎን ለመክፈት ወይም ለመዋጥ ይቸገራሉ?» አለችኝ፡፡ ሁለቱም የለም አልኳት፡፡ «እንግዲያው የሚያስፈልግዎ እንክብል ሳይሆን የጥርስ ሐኪም ነው፡፡»

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ብርቱ የጥርስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ሲቆጣ ነው፤ ይህን አንቲባዮቲክ አያስታግሰውም፡፡ ነርቩ ከሞተ ደግሞ የደም ዝውውሩም አብሮ ይቋረጣል፡፡ የተዋጠ መድኃኒት የሚጓዘው በደም ስለሆነ ጥርሱ ውስጥ የተደበቀውን ባክቴሪያ አያገኘውም፡፡ መፍትሔው ሥሩን ማጽዳት፣ መግሉን ማፍሰስ ወይም ጥርሱን መንቀል ነው፡፡

የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ደህና የሆነ አዋቂ የጥርስ ሕክምናውን ወዲያው የሚያገኝ ከሆነ፣ ሥሩ ዙሪያ መግል ቢቋጥርም እንኳ አንቲባዮቲክ እንዳይታዘዝለት መክሯል፡፡ ትኩሳት ሲኖር ወይም ኢንፌክሽኑ ሲስፋፋ ግን ይታዘዛል፤ የተለመደው አሞክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከ3 እስከ 7 ቀን ነው፡፡ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሌላ ይታዘዝለታል፡፡ ይህም ቢሆን ከጥርሱ ሕክምና ጋር እንጂ በፈንታው አይደለም፡፡

በተለያዩ አገሮች በጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት፣ ብዙዎቹ አሞክሳሲሊን የመጀመሪያ ምርጫ መሆኑን እንደሚያውቁ፣ የሚሳሳቱት ግን ሳያስፈልግ በማዘዝ መሆኑን ነው፡፡ አይገርመኝም፡፡ እኔም ተማሪ ሳለሁ አንቀጹን ከነቁጥሩ አነበንብ ነበር፤ ለየትኛው ጉዳይ እንደማይሠራ የገባኝ ችሎት ከቆምኩ በኋላ ነው፡፡ የሐኪም ስህተት ግን በይግባኝ አይታረምም፡፡ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል፡፡ ስለዚህ ፈተናው ላይ የመድኃኒቱን መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ያለ ማዘዣ መሸኘት ያለበት በሽተኛ የትኛው እንደሆነ ቢጠየቁ እወዳለሁ፡፡ በሽተኛው «ምንም ሳይሰጡኝ!» ብሎ ሲቆጣ ምን እንደሚመልሱለትም ጭምር፡፡ የእህቴ ልጅ ከሁሉ የሚከብዳት ይኸኛው ነው፡፡

በማግስቱ ሥሩ ተጸዳልኝ፤ ሕመሙም ጋብ አለ፡፡ እንክብሎቹን እሷ ወሰደቻቸው፡፡ ለጎረቤት ያውሳል ብላ ሳትፈራ አልቀረችም፡፡