ኢንፍሉዌንዛ በጅቡቲ ከተማ

በጅቡቲ ከተማ ኢንፍሉዌንዛ ምን ያህል ሰው እንደሚይዝ በግልጽ የታየው ከ2009ኙ (እ.ኤ.አ.) የኤች1ኤን1 ወረርሽኝ በኋላ በተደረገ የደም ጥናት ነው። የክትትል ሥርዓቱ የመዘገባቸው ሕሙማን ጥቂት ሲሆኑ፣ ጥናቱ ግን ከ3 ነዋሪዎች ወደ 1 በሚጠጋው ደም ውስጥ የቫይረሱን አሻራ አግኝቷል።

የጥናቱ አካሄድ

የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኙን በጁን 11 ቀን 2009 አውጆ በኦገስት 10 ቀን 2010 ማብቃቱን አስታወቀ። ኮፓንፍሉ የተባለው ጥናት በከተማዋ የተካሄደው ከዚያ በኋላ፣ ከኖቬምበር 11 ቀን 2010 እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2011 ነበር። ከአራቱ የከተማዋ የአስተዳደር ወረዳዎች 324 ቤተሰቦች ተመርጠው 1,045 ሰዎች ተካተዋል። አጥኚዎቹ ነዋሪዎቹን ፊት ለፊት አግኝተው ስለ ዕድሜ፣ ሥራና ኑሮ ጠይቀዋል፤ ደምም ወስደዋል።

የምርመራው ዘዴ ቀላል መርህ አለው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ሲቀላቀል ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያጣብቃል። በደም ውኃው (ሴረም) ውስጥ ቫይረሱን የሚያውቅ አንቲቦዲ ካለ ግን መጣበቁ ይከለከላል። ስለዚህ ሴረሙ ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ፣ የመከልከል አቅሙን እስከ የት እንደሚይዝ ይታያል። በዚህ ጥናት ሴረሙ 80 ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጥኖም ከከለከለ፣ ሰውየው በቫይረሱ ተይዞ እንደነበር ተቆጥሯል።

ውጤቱ

ከተመረመሩት 29.1 በመቶው ይህን መስፈርት አሟልተዋል። 25 ዓመትና ከዚያ በታች በሆኑት ድርሻው 35.9 በመቶ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ደግሞ 29.5 በመቶ ነበር። ተማሪዎች፣ የአራተኛው ወረዳ ነዋሪዎችና በወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል። በአንጻሩ ሥራ ያላቸው፣ በተለይም ደጅ ላይ የሚሠሩ፣ የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ቤት መኖሩ ያጋልጣል ተብሎ ቢገመትም፣ በዚህ ጥናት ግን በትልልቅ ቤተሰቦች ውስጥ የሚኖሩት ያነሰ ተይዘዋል። የወረርሽኙን ክትባት የወሰዱት 1.4 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የየዓመቱን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የወሰደ አንድም ሰው አልተገኘም።

የአረጋውያኑ ውጤት ሁለት መነሻ ሊኖረው ይችላል፤ አዲስ ሕመም፣ ወይም ቀድሞ ከተዘዋወረ ተመሳሳይ ቫይረስ የቀረ አንቲቦዲ። ከ1918ቱ (እ.ኤ.አ.) ወረርሽኝ የወረደው የኤች1ኤን1 ዝርያ እስከ 1957 ድረስ በሰው ዘንድ ሲዘዋወር ቆይቷልና።

ቀደምት ታሪክ

ያ የ1918 ወረርሽኝ በኢትዮጵያ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ይታወሳል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባን ሲመታ ብዙ ሺህ ሰዎች አልቀዋል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ በሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» ያ መከራ ዛሬም ይታሰባል።

ጅቡቲ በሜይ 2006 ደግሞ በገጠር በምትኖር አንዲት ሕፃን ላይ ኤች5ኤን1 የወፍ ጉንፋን መገኘቱን አረጋግጣለች፤ በአፍሪካ ቀንድ በሰው ላይ የተረጋገጠ የመጀመሪያው ነበር።

ጠቀሜታው

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ከ290,000 እስከ 650,000 ሰዎችን በመተንፈሻ አካላት ሕመም ይገድላል። ትኩሳትና ሳል የያዘው ሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ ቤቱ ከተኛ ወይም ናሙና ካልተወሰደለት በመዝገብ ላይ አይታይም። የሕሙማን ቁጥር ማነስ በሽታው አልገባም ለማለት እንደማይበቃ የጅቡቲ ጥናት ያስረዳል። ድርጅቱ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውና የጤና ባለሙያዎች በቅድሚያ እንዲከተቡ ይመክራል። ለጅቡቲ ከተማ ጥናቱ በዚህ ላይ ተማሪዎችንና በዝግ ቤት ተሰብስበው የሚሠሩትን ይጨምራል፤ የመከላከል ሥራው መድረስ ያለበት በመጀመሪያ ወደ እነርሱ ነው።